የኪሩ ግራ እግር

ሰው በቀኝ እጁ ይምላል፣ በቀኝ እጁ ይጎርሳል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባም ቀኝ እግሩን ያስቀድማል። ግራ እግርን እሾህ ካልወጋው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ኪሩ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንጀራውን የበላው በግራ እግሩ ነው። ከሸጎሌ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ ሚኒባስ ሲነዳ ፍሪሲዮን የሚረግጠው ይህ እግር በሹፌሮች ዘንድ ስም ነበረው። ዳገት ላይ መንገድ ሲዘጋ ሌላው ሹፌር የእጅ ፍሬን ይስባል፣ አለዚያም ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የኋለኛውን ሰው ያስጮኸዋል። ኪሩ ፍሪሲዮኑን እስከ ግማሽ ለቀቅ፣ ነዳጁን ነካ አድርጎ ማኪናዋን ባለችበት አንጠልጥሎ ይይዛታል። ወደ ፊት አትል፣ ወደ ኋላ አትል። ተሳፋሪው መቆሙን ሳያውቅ ወሬውን ይቀጥላል። መካኒኮች "ኧረ የፍሪሲዮን ሸራ ጨረስክ" ሲሉት፣ "ሸራው የኡርጌሳ ነው፣ እግሩ የኔ ነው" ይላቸው ነበር።

ኡርጌሳ የሚኒባሷ ባለቤት ነው። አባቱ ያርሱት የነበረው የሸጎሌ መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። እሱ ከእርሻው የተረፈችውን ይዞ ማኪና ገዛ፣ መሪዋን ለኪሩ ሰጠ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እየተጨቃጨቁም እየተሳሳቁም አብረው ሸመገሉ። አንዱ ሌላውን ትቶ ይሄዳል ብሎ ያሰበ ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

የኪሩ ሚስት አፀደ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። አርባዋ ወጣ፣ ሙት ዓመቷም ወጣ፣ ለቀስተኛውም የዕድሩን ወንበር መልሶ ወደ ጉዳዩ ሄደ። ልጅ አልወለዱም። ቤቱ ውስጥ ኪሩና ሬዲዮ ቀሩ፤ ሬዲዮው ደግሞ ያወራል እንጂ አይሰማም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ኪሩ ከቤት የሚወጣው ለሥራ ብሎ አልነበረም፣ ለሰው ብሎ ነው። ከኋላው አሥራ ምናምን ሰው ሲቀመጥ፣ አንዷ ስለ ልጇ ፈተና በስልክ ስታወራ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ መሬት ሲከራከሩ፣ አንዱ ሲያስነጥስና ሌላው "ይማርህ" ሲለው፣ ያ ሁሉ ድምፅ ጀርባውን ያሞቀዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያኝከው የእነሱን ወሬ ነው። ከመሪው የወረደ ዕለት ቀኑን ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ አያውቅም፤ ይህን ሲያስበው እንደ ብርድ ነገር ይይዘዋል።

እናም አንድ ጠዋት ኡርጌሳ መጣና "ብትቀየመኝም ባትቀየመኝም ሸጥኳት" አለው። "የነዳጅ ሰልፍ ላይ እያደርኩ ሚስቴ ሌላ ትዳር የያዝኩ መስሏታል። በኤሌክትሪክ የምትሄድ አግኝቻለሁ። መሪዋ ያንተ ነው።"

"ማርሽ አላት?" አለ ኪሩ።

"የላትም።"

"ፍሪሲዮንስ?"

"እሱም የለም። ፍጥነት መስጫና ፍሬን፣ በቃ።"

"ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው የምገባባት?"

ኡርጌሳ ሳቀ። ኪሩ የጠየቀው ከልቡ ነበር።

አዲሷ ማኪና ነጭ ናት፣ የፕላስቲክ ሽታዋ ገና አልለቀቃትም። ስትነሳ ድምፅ የላትም። ኪሩ ተነስታ እንደሆነ ለማወቅ የአጥሩን ቆርቆሮ እያየ ነበር፤ ቆርቆሮው ወደ ኋላ ሲሄድ እየነዳ መሆኑን አመነ። ቀኝ እጁ ማርሽ ፍለጋ ሄዶ አየር ጨብጦ ተመለሰ። እሱስ ምንም አይደለም። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ሲደርስ ግን ግራ እግሩ፣ ማንም ሳያዘው፣ ተነስቶ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠ። ፍሪሲዮን የሚረገጠው እስከ ወለሉ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ግን ሰፊ ፍሬን ነበር። ማኪናዋ እንደ ተቸነከረች ቆመች። ጋቢና አብሮት የተቀመጠው፣ ቀበቶ ያላሰረው ኡርጌሳ ወደ ፊት ተደፍቶ ከንፈሩ ተሰነጠቀ።

"ይቅርታ" አለ ኪሩ።

"ምንም አይደል፣ ንዳ" አለ ኡርጌሳ መሐረቡን አፉ ላይ ይዞ።

ነዳ። ጥምዙን አለፈ፣ ቀጥሎ ያለው ጉብታ ላይ እግሩ ያንኑ አደረገ። ሦስተኛው ላይ ኡርጌሳ በሩን ከፍቶ ወረደና "እኔ በእግሬ እመጣለሁ" አለ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይላል ያገራችን ሰው። የኪሩ ልማድ ክፉ አልነበረም፤ ማዕዱ ሲቀየርበት ጊዜ ነው ክፉ የሆነው።

ኡርጌሳ ቀድሞት ደርሶ ቤቱ በር ላይ ጠበቀው። መሬት መሬቱን እያየ፣ "የታክሲ ማኅበሩ አዲስ ማኪና መስመር ከማስገባቱ በፊት ሹፌሩን አስነድቶ ያያል" አለ። "ቱሉ የሚባል ሰው ይልካሉ። ቀጠሮውን እስከሚቀጥለው ወር አራዝመዋለሁ። እስከዚያ ካልሆነ ግን..."

"ሌላ ሹፌር ታስገባለህ።"

"ምን ላድርግ ኪሩ? ሰው ነው የሚጫንባት።"

"እውነትህን ነው።"

"እስከዚያ ቁልፉ አንተ ጋ ይሁን። ተለማመድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉ ፍሪሲዮን አልለመደም" አለ ኪሩ፣ ቁልፉንም ተቀበለ።

ከሸጎሌ የከብት ገበያ ባሻገር ገበያ በሌለበት ቀን ባዶ የሚሆን ሜዳ አለ። ኪሩ ማለዳ ማለዳ ማኪናዋን ወደዚያ ይወስዳታል፣ ግራ እግሩን ከወንበሩ ሥር አጥፎ ይቀመጥበታል ማለት ይቻላል፣ ከዚያም ይዞራል። እህል እንደሚያበራይ በሬ ይዞራል። ሜዳው ጫፍ ያለው ባሕር ዛፍ ጋ ሲደርስ ፍሬን፣ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ መታጠፍ፣ እንደገና ዛፉ ጋ ፍሬን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሩ ከወንበሩ ሥር ሊወጣ ይታገል ነበር። እያደር ተወ። ኪሩ አጠፋፉን ትቶ እግሩን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ሞከረው፤ እንደ ጠገበች ድመት ተኛ። ሰው አላየውም እንጂ ብቻውን ፈገግ ብሏል። ለኡርጌሳም ደውሎ፣ "ገድዬዋለሁ" አለው።

"ማንን?"

"እግሬን።"

ኡርጌሳ ከንፈሩ ገና ስላልዳነ ራሱ አልመጣም፣ ልጁን ደራርቱን ላካት። ደራርቱ አዲሱ ገበያ አካባቢ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ናት። መንጃ ፈቃዷ የአውቶማቲክ ነው፤ ፍሪሲዮን ረግጣ አታውቅም። ኪሩ ሕፃን ሆና ጋቢና ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስያዛት ልጅ ዛሬ ቀበቶዋን አስራ "በሉ ጋሽ ኪሩ፣ ወደ አስፋልቱ እንውጣ" ስትለው ትንሽ ቅር አለው፣ ግን ወጣ።

አስፋልቱ ላይ ደህና ሄዱ። የከብት ገበያው መታጠፊያ ጋ አንድ በግ ከባለቤቱ እጅ አምልጦ ሲገባባቸው የሞተው እግር ከሞት ተነሣ። ፍሬኑ እስከ ወለሉ ወረደ፣ ቀበቶው ደራርቱን አንቆ ያዛት፣ ከኋላ ያለው ሹፌር ክላክሱን ለቀቀው። በጉም ቆሞ አያቸው።

ኪሩ ወደ ዳር አወጣት። ፊቱ ቀልቶ፣ "ሜዳው ላይ እኮ እንዲህ አልነበረም" አለ።

"ሜዳው ላይ ማን ነበር?" አለች ደራርቱ።

"ማንም።"

"በግስ?"

"በግ ከየት ይመጣል።"

"የሚያወራዎትስ ሰው?"

"ከማን ጋር አወራለሁ ልጄ?"

ደራርቱ መልሱን ሰምታ ወደ እሱ ዞረች። "የኔ ልጆች መረብ ኳስ ሲለማመዱ ተሰልፈው ነው" አለች። "አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል፣ ማንም አይስትም። ጨዋታ ሲጀመር ግን ኳሷ ከየት እንደምትመጣባቸው አያውቁም፣ ይበተኑብኛል። እ... ማለቴ መጀመሪያ እነሱን ነበር የምቆጣው። በኋላ ሳየው ያስተማርኳቸው ሰልፉን ነው፣ ጨዋታውን አይደለም። እርስዎም ሜዳዋን ነው የለመዱት ጋሽ ኪሩ። ዛፏንና ድንጋይዋን።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስወጣ እመጣለሁ። መንገድ እንቀያይራለን። እኔ ሳያስቡት 'ቁም' እላለሁ። ደግሞ አስለፈልፍዎታለሁ። አሁን ልብዎ እግርዎን እየጠበቀው ነው፣ ሲጠበቅ ጨዋ ነው። ጠባቂው ሲዘናጋ ምን እንደሚሠራ ነው ማየት የምፈልገው።"

እንዲህ ሆነና በየቀኑ ወጡ። አንድ ቀን በአዲሱ ገበያ ገበያተኛ መሐል፣ አንድ ቀን እንጦጦ ሥር ባለው ጠመዝማዛ፣ አንድ ቀን በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት። ሁለት ቀን በተከታታይ አንድ መንገድ አልሄዱም። ኪሩ ሜዳው ላይ አግኝቶት የነበረው ጥራት ጠፋበት፤ ዛሬ ይሳካለታል፣ ነገ ያበላሻል፤ ተስፋ ቆርጦ ቁልፉን ሊመልስ የተነሳበትም ቀን ነበር። ደራርቱ "ሲያበላሹ ነው የሚማሩት፣ ዝም ብለው ያበላሹ" ትለዋለች። ወሬውም ሌላ ፈተና ነበር። ስለ ልጅነቱ ትጠይቀዋለች፣ ስለ ድሮ ትራፊክ ፖሊሶች ትጠይቀዋለች። መጀመሪያ የሚመልሰው "አዎ" እና "አይደለም" ነው። ዓመት ሙሉ ሳያወራ የከረመ አፍ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው፣ ሲከፈት ይጮኻል። እያደር ግን ለቀቀው፤ ስለ ትራፊክ ፖሊሶቹ ሲያወራ ደራርቱ እስክታነባ ሳቀች፣ እግሩም ዝም አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እንዲያው በዘፈቀደ፣ "እትዬ አፀደን መጀመሪያ እንዴት አገኟቸው?" አለችው።

እግሩ ዘለለ። በግ የለም፣ ጥምዝ የለም፣ መንገዱ ጭር ያለ ነው። ማኪናዋ መሐል አስፋልት ላይ ተተከለች።

ደራርቱ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ አስተማሪ ግን ናት። በማግስቱ ደግማ ጠየቀችው። እሱም እየነዳ ነገራት፦ አፀደ ከአዲሱ ገበያ ተሳፍራ ሁልጊዜ ጋቢና እንደምትቀመጥ፣ ገና ስሙን ሳታውቅ "ምን ያስቸኩልሃል፣ ቀስ በል" እያለች እንደምትቆጣው፣ እሱም ቁጣዋን ለመስማት ብሎ ብቻ እንደሚፈጥን። አንዳንዱ ቦታ ላይ እግሩ ነቃ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ተኛ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የትውውቃቸውን ወሬ ከዳር እስከ ዳር ያለ እንከን እየነዳ ጨረሰው። "አየሽ?" አለ። ደራርቱም፣ "አየሁ። እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል" አለች፤ ምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ እሱም አልጠየቃትም።

እሱ ነው ራሱ ያነሳው። ከአዲሱ ገበያ በታች ያለውን ዳገት ሲወጡ፣ ሰልፉ ሲቆም፣ "እዚህ ጋ ነው" አለና እግሩ ፍሬኑን ደፈጠጠው። የቆመች ማኪና ላይ ነው የረገጠው፤ መልሶ አላነሳውም። መንገዱ ተከፍቶ የኋላው ሰው እስኪጮህ እንዲሁ ቀረ። ወደ ዳር አወጣት፣ የሚጮኽ ሞተር ስለሌላት የሚጠፋም ነገር አልነበረም፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተናገረ።

"ጠዋት ነው። አሟት ሳንተኛ አንግተን በሚኒባሷ ይዣት ወጣሁ። እዚህ ስንደርስ ከላይ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘግቷል። ማኪናዋ ነቅነቅ ባለች ቁጥር ያማታል፣ 'ቀስ' ትለኛለች። እና ምን አደረግኩ? አንጠልጥዬ ያዝኩ። በግማሽ ፍሪሲዮን። እግሬ እስኪደነዝዝ። ውኃ ብታስቀምጪ አይፈስም ነበር። ትንሽ ቆይታ 'ቀስ' ማለቷን ተወች። ደስ አለኝ። ይገባሻል? ደስ አለኝ። አላስነቀነቅኳትም ብዬ። ሆስፒታሉ በር ላይ 'ደረስን' ስላት ነው ያወቅኩት። መቼ እንደሄደች አላውቅም። እኔ መንገዱን ነበር የማየው። አብሯት የነበረው እግሬ ነው።"

ደራርቱ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፣ መልሳ ዘጋችው። "ይሄን እንተወው ጋሽ ኪሩ" አለች። "ቱሉ ይሄን አይጠይቅዎትም።"

"ይጠይቀኝ ይሆናል። ባይጠይቀኝም ይህች ዳገት በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ይሄን እያሰብኩ መንዳት ካልቻልኩ ሰው ልጭንባት አይገባም።"

"እንደሱ አይሆንም እኮ፣ ሰው ነዎት።"

"ሹፌር ነኝ" አለ ኪሩ። "ነገም እነግርሻለሁ።"

ነገም ነገራት። ከነገም ወዲያ ነገራት። ደራርቱ አልወደደችውም፣ ግን እሱ ካልነገራት የት ሄዶ ለማን ይነግረዋል ብላ ሰማችው። መጀመሪያ እየተቆራረጠ ነበር የሚወጣለት፤ መጀመሪያውን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል፣ ከባድ መኪናውን ይረሳዋል። ከዚያ ቃላቱ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። "ውኃ ብታስቀምጪ" የምትለዋ ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ትመጣለች። "ደስ አለኝ" ካለ በኋላ ትንሽ ያርፋል፣ እረፍቱም ልክ አለው። ዳዊት የሚደግም ሰው አፉ እየደገመ ልቡ ገበያ እንደሚወጣው፣ የኪሩም አፍ እየተናገረ ዓይኑ ስፖኪዮውን ያይ ጀመር። እግሩም ከእለት ወደ እለት ለዘበ፤ መርገጡን ትቶ መነሳት ብቻ፣ መነሳቱን ትቶ ጫማው ውስጥ ጣቶቹን ማኮማተር ብቻ ሆነ።

በዚህ መሐል ኪሩ አንድ ነገር ታዘበ። ከሰዓት በኋላ ሲቃረብ ሸሚዙን ይቀይራል። ጢሙን ይላጫል። ደራርቱ ስትመጣ የሚነግራትን ነገር ጠዋት ያስባል፣ ለማሳቅ። ልምምዱ እንዳያልቅበት መፈለጉ ገባው፤ ፈተናውን ግን ማለፍ አለበት፣ ሲያልፍ ደግሞ ልምምዱ ያልቃል። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ቱሉ ቀጠሮው ደርሶ መጣ። ትሑት፣ ኮቱን ቆልፎ የሚሄድ ሰው ነው። ጋቢና ተቀመጠ፤ ኡርጌሳና ደራርቱ ከኋላ ሆኑ። ከሸጎሌ ተነሱ። የከብት ገበያው መታጠፊያ ላይ ወይፈኖች የሚነዱ ሰዎች አስፋልቱን ሞልተውታል፣ ኪሩ በቀኝ እግሩ ፍሬን ይዞ አሳለፋቸው። ወደ አዲሱ ገበያ ሲቃረቡ ፍራሽ የተሸከመ ሰው ፊት ለፊቱን ሳያይ ገባበት፣ ያንንም አለፈው። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ኪሩ ቆመ። ማኪናዋ ራሷን ይዛ ቆመች፤ ይህች ማኪና ዳገት ላይ የሚይዛት ሰው አትፈልግም።

ቱሉ ዝምታው ከብዶት ይሁን ለወጉ፣ "ቤተሰብ ደህና ናቸው? ባለቤትዎ ደህና ናቸው?" አለ።

ደራርቱ ከኋላ ቀና አለች። ኪሩ በመስታወቱ አያት።

"ባለቤቴ አርፋለች" አለ። "እዚሁ ዳገት ላይ ነው።" ከዚያም ነገረው፤ ጠዋቱን፣ ከባድ መኪናውን፣ 'ቀስ' ማለቷን፣ በግማሽ ፍሪሲዮን መያዙን፣ ውኃውን። "ደስ አለኝ" ብሎ በልኩ አረፈ። መሐል ላይ ሰልፉ ተነቃነቀ፣ እያወራ ነዳ፣ እያወራ ቆመ፣ እያወራ አንድ ሞተር ሳይክል አሳለፈ። ሲጨርስ ቱሉ ባርኔጣውን አውልቆ "ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናዎት" አለ። ኡርጌሳ ከኋላ አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሮት ኖሮ የእግሩን ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ሸጎሌ ተመልሰው ሲወርዱ ቱሉ የኪሩን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "እንደርስዎ ያለ የረጋ ሹፌር አላየሁም። ነገ መስመር ይግቡ" አለና ሄደ። ኡርጌሳ አቅፎ ሳመው፣ "እንቁላሉ ሄደ" አለው፣ ከዚያም ለሚስቱ ሊደውል ወደ ጥግ ሄደ።

ኪሩ ማኪናዋ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ደራርቱ ተጠጋችው።

"አልነቃም" አላት።

"ምኑ?"

"እግሬ። ሁሉን ነገርኩት፣ እስከ መጨረሻው። ጣቱ እንኳን አልነቃም።"

"አለፉ እኮ ጋሽ ኪሩ።"

"አዎ፣ አለፍኩ።"

ደራርቱ ነገሩ ገባት፤ ፊቷ ላይ ታየ። የሆነ ነገር ልትለው ፈልጋ፣ "አንዳንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ብቅ እላለሁ" አለች። "ብቅ በይ" አላት። ሁለቱም እሷ የተማሪ ፈተና እንዳለባት፣ እሱም እስከ ማታ መስመር ላይ እንደሚውል ያውቁ ነበር።

በማግስቱ ሥራ ጀመረ። ረዳቱ "አዲሱ ገበያ" እያለ ጠራ፣ ሰው ገባ፣ ማኪናዋ ሞላች። ኪሩ የናፈቀው ድምፅ ሁሉ ከኋላው ተቀመጠ። ድሮ ሞተሩ ይውጠው የነበረው ወሬ አሁን ቃል በቃል ይሰማል፤ አንዲት ሴት ለእህቷ ስለ ሽሮ በርበሬ እያወራች ነው፣ አንድ ተማሪ ቃል ያጠናል። ጋቢና የተቀመጠው ሰው እንቅልፍ ወስዶታል። ዳገቱ ላይ ሰልፉ ቆመ፣ ማኪናዋም ራሷን ይዛ ቆመች።

ኪሩ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ጠበቀ። እግሩን ነበር የጠበቀው። ዛሬ የሚፈትነው የለም፣ ቢነቃ የሚያሳፍረው የለም፣ ማኪናዋም ቆማለች። ለአንድ ጊዜ ብቻ ቢረግጥ ምን ነበረበት? እግሩ ወለሉ ላይ እንደ ማንም ሰው እግር ተቀምጧል። ኪሩ ያን ጠዋት ለማምጣት ሞከረ። የመጣለት ለደራርቱ ሲነግራት የነበረው ነው፤ ከባድ መኪናው በተራው መጣ፣ ውኃውም በተራው መጣ። "ቀስ" የምትለውን ፈለገ። በአፀደ ድምፅ ፈለጋት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ የመጣለት ግን በራሱ ድምፅ ነው፣ በየከሰዓቱ ሲላት በነበረው ድምፅ። ስንት ዓመት ሙሉ ጆሮው ላይ የነበረ ድምፅ የት ገባ? ደንግጦ እንደገና ሞከረ። እንደገናም የራሱን ሰማ።

ያን ጊዜ ግራ እግሩን በገዛ እጁ ከጉልበቱ በላይ ይዞ አነሳው፣ ፍሪሲዮን ይኖርበት በነበረው ቦታም፣ ከፍሬኑ በስተግራ፣ ቀስ አድርጎ ረገጠ። ምንጣፍ ነው። አዲስ፣ ገና ያልተረገጠ ምንጣፍ።

"ሹፌር፣ መንገዱ ተከፍቷል" አለች ከኋላ ያለችው ሴት፣ በትሕትና።

"እሺ እናቴ" አለ ኪሩ፣ ነዳም። ማኪናዋ ማንንም ሳትነቀንቅ ተነሳች።